የእናቴ ኢንሱሊንና የተለቀመው በቆሎ

ለጥምቀት ቡሬ ሄጄ እናቴ ዘንድ አምስት ቀን ቆየሁ። ወሬው የተነሳው በሁለተኛው ቀን፣ ቡና ላይ ነው። ጎረቤታችን እትዬ የቶናውን ስኒ እየተቀበሉ፣ «ልጄ፣ አንተ አዲስ አበባ ስለምትኖር ሳትሰማ አትቀርም፤ ይህ ጂኤምኦ የሚሉት በቆሎ ገባ አሉ። ካንሰር ያመጣል፣ ሴት ያመክናል ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ መልስ ሳስብ እናቴ ቀደመችኝ። «እኔ እንደሆነ በሕይወቴ አልቀምሰውም» አለች፣ ጀበናውን ለበረካው መልሳ እየጣደች።

ከእራት በፊት መርፌዋን ልትወጋ ተነሳች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስላልነበረ ኢንሱሊኗን ከፍሪጅ አውጥታ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠች ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጋው ነበር። ይህን ዘዴ ያስተማረቻት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ብልቃጡን በመዳፎቿ መካከል ቀስ ብላ ስታንከባልል እኔ የስልኬን መብራት ይዤላት ካርቶኑን አነበብኩ። በደቃቅ ፊደል የሰው ኢንሱሊን መሆኑ፣ ከሥሩም መነሻው «አር ዲኤንኤ» መሆኑ ተጽፏል። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ካርቶን እየገዛሁ ስልክላት አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

ያቺ ትንሽ ጽሑፍ የምትለው ይህን ነው። ድሮ ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው ኢንሱሊን የሚወጣው ከታረዱ አሳማዎችና ከብቶች ቆሽት ነበር። ከዚያ ሳይንቲስቶች የሰውን የኢንሱሊን ዘረመል ወስደው ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡት። ባክቴሪያው ለራሱ የማያስፈልገውን የሰው ኢንሱሊን እየሠራ ማውጣት ጀመረ። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አንዳንዱ አምራች በባክቴሪያ ፋንታ እርሾ ይጠቀማል። በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በየቀኑ የሚወጉት ኢንሱሊን እንግዲህ ዘረመላቸው ከተለወጠ ሕያዋን የተገኘ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እርሾ አልክ?» አለች። አዎ አልኳት። «የእንጀራ ዓይነት እርሾ?» የዚያ ዘመድ ነው አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲህ እኔን አቆይቶኛል» ብላ መርፌውን ወጋች።

ይህን የምነግራችሁ የእናቴን ፍርሃት ከንቱ ለማድረግ አይደለም። ኢንሱሊን ተጣርቶ፣ ተለክቶና ተመርምሮ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በቆሎ ደግሞ እንዳለ ተፈጭቶ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም የሚበላው ነው። አንዱ ደኅና ስለሆነ ሌላውም ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ኢንሱሊኑ የሚያስረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘረመል መለወጡ በራሱ መርዝም መድኃኒትም አይደለም። የተጨመረው ምንድን ነው? የተጨመረው የት ላይ ነው? ማን መረመረው? እትዬን ልመልስላቸው የሞከርኩት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው፤ አምስቱም ቀን አለቀብኝ።

በመጀመሪያ የቃሉን ውዥንብር ማጥራት ነበረብኝ። በእኛ አገር አፍ ጂኤምኦ ማለት የፈረንጅ ነገር ሁሉ ሆኗል። የፈረንጅ ዶሮ ጂኤምኦ ይባላል፣ ቶሎ የማይበሰብስ ቲማቲም ጂኤምኦ ይባላል፣ ጣዕም የሌለው ሙዝ ጂኤምኦ ይባላል። የእናቴ ማሳ ላይ ያለው በቆሎ ቢኤች 660 ነው፤ ከባኮ የምርምር ማዕከል በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ምርጥ ዘር። እትዬ እሱንም ይጠረጥሩታል፤ ምክንያታቸውም «ዘሩን ብታስቀረው በዓመቱ አያፈራልህም፤ መካን ነው» የሚል ነው። ነገር ግን ቢኤች 660 የተለያዩ የበቆሎ ዘሮችን በአበባ ዱቄት በማዳቀል የተገኘ ድቅል ነው። በዓመቱ የሚቀንሰው የወላጆቹ ጠባይ ስለሚበታተን እንጂ መካን ስለሆነ አይደለም፤ የሚበላውንም ሰው አያመክንም። ልውጥ፣ ማለትም እውነተኛው ጂኤምኦ፣ የሚባለው ከዚህ የተለየ ነው። በማዳቀል ሊመጣ የማይችል ዘረመል በላብራቶሪ ወስዶ ሰብሉ ውስጥ መትከል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ቅርቡ ቢቲ የሚባለው ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ የተምችና የአገዳ ቆርቁር ትልን አንጀት የሚበሳ ፕሮቲን ይሠራል። የዚያን ፕሮቲን ዘረመል በቆሎው ላይ ሲተክሉት በቆሎው ራሱ ትሉን ይገድላል። ሰውንስ? የትሉ አንጀት አልካላይ ነው፤ ፕሮቲኑ የሚጣበቅበትም ልዩ ቦታ አለው። የእኛ ጨጓራ አሲድ ስለሆነ ፕሮቲኑን እንደማንኛውም ምግብ ይሰባብረዋል፤ የሚጣበቅበት ቦታም የለንም። መልካሳ የምርምር ማዕከል በአጥር ውስጥ ሲሞከር የቆየው ቴላ የሚባለው በቆሎ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

«እንግዲያው ምንም ጉዳት የለውም በለኛ!» አሉኝ እትዬ። አላልኩም። ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉና ሁለቱንም ነገርኳቸው።

አንደኛው የአኩሪ አተር ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ኩባንያ አኩሪ አተርን የተሻለ መኖ ለማድረግ ብሎ የብራዚል ለውዝ ፕሮቲን ጨመረበት። የብራዚል ለውዝ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ብርቱ አለርጂ ያስነሳል። የእነዚህን ሰዎች ደም ወስደው በአዲሱ አኩሪ አተር ሲመረምሩት አለርጂው አብሮ ተዛውሮ አገኙት። ውጤቱ በ1996 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ሰብሉም ገበያ ሳይወጣ ቀረ። እዚህ ላይ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ምርመራውም ሠርቷል። አንድ ሰው እንኳ አልታመመም።

ሁለተኛው ስታርሊንክ የተባለው በቆሎ ነው። ውስጡ ያለው የቢቲ ፕሮቲን ከሌሎቹ ይልቅ ለመፈጨት የሚዘገይ ስለነበረ አለርጂ ያስነሳ ይሆናል ተብሎ ተሰጋ። በዚህም ምክንያት አሜሪካ ለከብት መኖ ብቻ ፈቀደችው። በ2000 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ግን ሰው በሚበላው የበቆሎ ቂጣ ውስጥ ተገኘ። ከሦስት መቶ በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ተሰበሰቡ። ታመምን ካሉት መካከል የሃያ ስምንት ሰዎችን ደም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መረመረ፤ ሕመሙን ያመጣው ያ ፕሮቲን ለመሆኑ ማስረጃ አላገኘም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላው ነው። ያ ሁሉ ጎተራ፣ ላብራቶሪና ተቆጣጣሪ ያለው አገር የመኖውን በቆሎ ከምግቡ በቆሎ ለይቶ መያዝ አቃተው። እህል በረንዳ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተውም። ከወለጋ፣ ከጎጃምና ከሲዳማ የመጣው በአንድ ወለል ላይ ይፈሳል፤ በአንድ አካፋ ይታፈሳል። ጆንያው ላይ እህሉ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር የለም።

ካንሰሩን በተመለከተ ወሬው መነሻ አለው፤ ከምንም አልተወለደም። በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዢል ኤሪክ ሴራሊኒና ባልደረቦቹ ሁለት መቶ አይጦች ላይ ለሁለት ዓመት ያህል ልውጥ በቆሎንና ፀረ አረምን ሞክረው ትላልቅ ዕጢ ያወጡ አይጦች ፎቶግራፍ አሳተሙ። ያንን ፎቶግራፍ ያየ ሰው አይረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ኬንያ ልውጥ ምግብ እንዳይገባ ከለከለች። ሆኖም የተመረጠው የአይጥ ዝርያ ዕድሜው ሲገፋ ምንም ቢበላ በራሱ ዕጢ የሚያወጣ ነው። በየምድቡ የነበሩት አይጦችም አሥር አሥር ብቻ ስለሆኑ ልዩነቱ የምግቡ ይሁን የአጋጣሚ መለየት አልተቻለም። መጽሔቱ በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ሰረዘው፤ ማጭበርበር አላየሁም፣ ውጤቱ ግን ድምዳሜውን አይሸከምም አለ። ጸሐፊዎቹ በዓመቱ ሌላ መጽሔት ላይ መልሰው አወጡት። የኬንያ እገዳ እስከ ጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ቆየ፤ ከዚያም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። አንድ ፎቶግራፍ አሥር ዓመት ሙሉ የአንድን አገር የምግብ ፖሊሲ ያዘ።

በሌላ በኩል በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ከዘጠኝ መቶ በላይ ጥናቶችን ፈትሸው አንድ ትልቅ ዘገባ አወጡ። ዘገባው አሜሪካንና ካናዳን፣ ሕዝባቸው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልውጥ ሰብል የሚበላባቸውን፣ ብዙም ከማይበላባቸው ከብሪታንያና ከምዕራብ አውሮፓ ጋር አነጻጽሯል። ካንሰር፣ የኩላሊት በሽታ፣ ስኳር፣ ኦቲዝምና አለርጂ ሁሉም ታይተዋል፤ ልውጥ ሰብል አመጣው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ሕዝቡ ዋና ምግቡ ያደረገው ነጭ በቆሎ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልውጥ ዘር ይመረታል። እኛም ቢሆን ሳናውቅ ሳንበላው አልቀረንም። ከአሜሪካ በቆርቆሮ ሲመጣ የቆየው የእርዳታ ዘይት ብዙ ጊዜ ከአኩሪ አተር የተጨመቀ ነበር፤ ከአሜሪካ አኩሪ አተር ደግሞ ከ90 በመቶ በላዩ ልውጥ ነው።

እስካሁን ገበያ ላይ የወጡት ልውጥ ምግቦች ሰውን ጎዱ የሚል የሚያሳምን ማስረጃ አላየሁም፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ነገ የሚወጣው ግን ዛሬ በወጣው አይለካም፤ እያንዳንዱ ለብቻው መመርመር አለበት። የዓለም የጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ በቆሎው ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ግቢ ውስጥ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ በቆሎ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ጣቶቿ ከዓይኗ ይፈጥናሉ። ደኅናው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ጣሳው ይጣላል። ጣሳውን ወደ እኔ ስቤ አንድ እፍኝ ዘገንኩ። ግማሹ በትል የተቦረቦረ ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ሐምራዊ ቀላቅሎ የነጣ፣ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ይዟል። አንዳንዱ ፍሬ ላይ ከጫፉ ተነስቶ እንደ ፀሐይ ጨረር የተበተነ ነጭ መስመር አለ። ሽታው የቆየ ምድር ቤት ይሸታል። «ይህ የት ይሄዳል?» አልኳት። «የባሰው ለዶሮ፤ ሻል ያለው ለጠላ ይሆናል» አለችኝ።

ያ ነጭ መስመር የሻጋታ አሻራ ነው። ትሉ በቀደደው ቀዳዳ ፉዛሪየም የሚባል ሻጋታ ይገባና ፉሞኒሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። መርዙ ተለይቶ የታወቀው በ1988 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹን ወደዚያ የመራቸው ትራንስካይ በሚባለው አካባቢ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር እጅግ በዝቶ መገኘቱ ነበር። በ1990 እና 1991 እ.ኤ.አ. በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ላይ አንጎላቸውና ኅብለ ሰረሰራቸው ሳይዘጋ የተወለዱ ሕፃናት ቁጥር በድንገት ሲጨምር፣ በኋላ የተደረገ ጥናት እናቶቹ ከበሉት የበቆሎ ቂጣ ጋር አያያዘው። ፉሞኒሲን ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ወደ ሕዋስ እንዳይገባ ስለሚያውክ ነው ተጠርጣሪ የሆነው። እትዬ የልጅ ልጃቸውን በዚህ ዓይነት ችግር እንዳጡ እናቴ በሹክሹክታ ነገረችኝ። የዚያ ሕፃን ሞት ምክንያት በቆሎ ነው ማለት አልችልም፤ ማንም ሊል አይችልም። ግን እፍኜ ውስጥ ያለውን በቆሎ ሳየው እጄ ከበደኝ።

ከፉሞኒሲን የባሰው አፍላቶክሲን ነው፤ ጉበትን ይመታል። በ2004 እ.ኤ.አ. ኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማኩዌኒና ኪቱይ አካባቢ፣ እርጥብ ሳለ የተከማቸ የቤት በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመሙ፤ 125 ሞቱ። የገዛ ማሳቸው በቆሎ ነበር። ማንም የፈረንጅ ነው አላለውም። ስለዚህም ይመስለኛል ጥቂት ሰው ብቻ የሚያስታውሰው።

ለልውጥ በቆሎ ከሚቀርቡት የጤና ክርክሮች ሁሉ እኔን ያሳመነኝ ይሄ የሻጋታው ነው። ትል ካልቦረቦረው ሻጋታው መግቢያ ያጣል። የሃያ አንድ ዓመት የመስክ መረጃ ሰብስቦ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጣሊያኖች ጥናት በልውጥ በቆሎ ላይ ፉሞኒሲን ወደ 30 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝቷል። ቀላል ቁጥር አይደለም። ሆኖም አፍላቶክሲንን በዚያው ልክ አይከላከልም፤ እሱ የሚመጣው ከድርቅና ከአከማቸት ነው። በቆሎን በሸራ ላይ በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ያለ ምንም ዘረመል ብዙ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ልውጡን ዘር አዳኝ አድርገው ከሚያመጡልን ሰዎችም ጋር አልስማማም። በሸራ የሚፈታውን በሸራ እንፍታው።

የወተቱም ነገር ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ከአሥር ዓመት በፊት ግድም በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ ሁሉም ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ። በአውሮፓ ሕግ መጠን ውስጥ የነበሩት ዘጠኙ ብቻ ናቸው። መንገዱ ላሟ የምትበላው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ያኔ አንድ ሳምንት ያህል ወሬው ከተማውን አናወጠ፤ ከዚያ ተረሳ። ልጆቻችን ግን ወተቱን መጠጣት አላቆሙም።

ፋጉሎ ሲነሳ ጥጡን ማለፍ አይቻልም። የኢትዮጵያ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ፣ ቁጥር 655፣ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ እጅግ ጥብቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ 896 ተሻሻለ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዝርያዎች ተፈቀዱ። ብዙ ሰው «ጥጥ ልብስ ነው፣ አይበላም» ብሎ አልፎታል። ጥጥ ግን ፍሬ አለው። ፍሬው ተጨምቆ ዘይት ይሆናል፤ የቀረው ፋጉሎ ለላም ይሰጣል። የተጣራ ዘይት ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ነገር ስለማይቀር ለጤና አያሰጋኝም። ፋጉሎውንም ቢሆን ከቢቲው ይልቅ የምፈራው ለሻጋታው ነው። ነገር ግን ዘይቱ ላይ ከምን እንደተጨመቀ ተጽፎ ማየት መብቴ ነው። ፈርቼ አልልም፤ እናቴ ስትጠይቀኝ መልስ እንዲኖረኝ ነው።

ይህን መብት ስናገር ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርን አስባለሁ። በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ የጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል ሲደራደሩበት አፍሪካን የመሩት እሳቸው ናቸው። አንድ አገር ልውጥ ነገር ድንበሩን ከማለፉ በፊት ተነግሮት፣ አጥንቶ፣ እሺ ወይም እምቢ የማለት መብት ያገኘው በዚያ ስምምነት ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አረፉ። ስለ ልውጥ ሰብል ከእሳቸው ያነሰ ስጋት አለኝ፤ የመጠየቅ መብቱን ግን ያቆዩልን እሳቸው ናቸው፣ ስለዚህም ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የፀረ አረሙን። ከልውጥ ሰብሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ግላይፎሴት ሲረጭባቸው እንዳይሞቱ ነው። ያ መድኃኒት በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ተመደበ፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በዚያ አልተስማሙም። እኛ አገር ግን ግላይፎሴት ልውጥ ሰብል አልጠበቀም፤ ገብቷል። አጎቴ ማሳውን ከማረሱ በፊት ይረጨዋል። ባለፈው ዓመት ሲረጭ አይቼዋለሁ። ጓንት የለውም፣ አፉን በነጠላ ጫፍ ሸፍኗል፣ የጀርባው ታንክ እያንጠባጠበ ሸሚዙ ርሷል። ባዶውን ጀሪካን ሚስቱ አጥባ ውኃ ልትቀዳበት አስቀምጣው ነበር። ቀምቼ በመጥረቢያ በሳሁት። ተቆጣችኝ፤ ጀሪካን ውድ ነው።

ልሄድ ስል በዋዜማው እናቴ ጣሳዎቹን ደርድራ ጠራችኝ። አምስት ጣሳ ሙሉ የተለቀመ በቆሎ ነው። «ታዲያ ይህን ምን ላድርገው?» አለችኝ። ለጠላም ለዶሮም አይሁን፣ ዶሮዎቹንም ይጎዳል፣ እንቅበረው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። እህል መጣል በእናቴ ቤት ነውር ነው፤ በሰባ ሰባት የነበረውን ረኃብ ታስታውሳለች። ረጅም ሰዓት ዝም ብላ ቆየች። በመጨረሻ ሦስቱን ጣሳ ለየች፣ ሁለቱን መልሳ ጓዳ አስገባች። እኔም አልተከራከርኳትም። ከቤቱ ጀርባ፣ ከጌሾው ሥር ጉድጓድ ቆፈርኩ። ሦስቱን ጣሳ ራሷ ገለበጠች፤ አፈሩን በእጇ እየመለሰች «እግዜር ይቅር ይበለን» አለች።